ቅርፊት የሌለው ግንድ

ባለፈው ክረምት ማገዶ የምታመጣልኝ ሴት ሸክሟን ደጄ ላይ ስታራግፍ ነው ሁሉም ነገር የተመለሰብኝ። እንጨቱ ርጥብ ነበር። የበሰበሰ ቅጠልና የጥቁር አፈር ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ጥሬ ሊጥ ያለ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከአንዱ ጉማጅ ሆድ ሥር ነጫጭ ትንንሽ እንጉዳዮች ተደርድረው በቅለዋል። የአውራ ጣት ጥፍር አያክሉም። የመጨረሻ ልጄ «እማዬ፣ ሲያምሩ!» ብላ እጇን ስትሰድ ጮህኩ። እንጨት ሻጯ ደንግጣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ልጄ አለቀሰች።

«ምነው፣ እባብ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

እባብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እባብን ሰው ያውቀዋል። እኔን ያስጮኸኝ ከስንት ዓመት በኋላ ጆሮዬ ላይ የመጣ አንድ ቃል ነው።

«አላውቀውም።»

እንዲህ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ያኔ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ደርግ ከወደቀ ብዙም ያልቆየበት ጊዜ ነው። እማማ በራችን ላይ ብርሃን ፈልገው ቆመው አንዲት ነጭ እንጉዳይ መዳፋቸው ላይ ይዘዋል። ታናሽ እህቴ ከኋላዬ መደብ ላይ ተጠቅልላ ታቃስታለች። እማማ እንጉዳይቱን ገለበጧት፣ መልሰው ገለበጧት፣ አሸተቷት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደማፈር ብለው፣ «አላውቀውም» አሉ።

እማማ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የዚያ አገር ተወላጅ ናቸው፤ ጫካው ውስጥ ተወልደው ጫካው ውስጥ ያረጁ። እኛ ልጆቹ ያገኘነውን ሁሉ፣ ፍሬም ይሁን ትልም ይሁን፣ ይዘን ወደ እሳቸው ነው የምንሮጠው። እሳቸውም አየት አድርገው ስሙን መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀጥለው በአማርኛ ይነግሩናል። ስም የሌለው ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እህቴ ስታስመልስ ፈርቻለሁ፤ ልትሞት እንደምትችል የገባኝ ግን ያኔ ነው። ምሰሶውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ልንገራችሁ።

ቤታችን ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቡና ጫካ ውስጥ ነበር። እናትና አባቴ ከሰሜን የመጡ ናቸው። አባቴ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እናቴ የአገሩን ምግብ ለምዳለች፤ ጎደሬውንም ቆጮውንም ትበላለች። እንጉዳይን ግን በዓይኗ ማየት አትፈልግም። «የጅብ ጥላ እቤቴ አይገባም!» ነበር የምትለው። እኛ ደግሞ እዚያ የተወለድን ልጆች ነን፤ እማማ ቤት በልተን አፋችንን ጠርገን እንገባለን። «አፍሽ ምን ምን ይላል?» ስትለኝ «ጎመን» እላታለሁ፤ እሷም ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ፊቷን አዙራ ትስቃለች።

በእኛ ሰፈር እንጉዳይ የለቀመ ሰው እንጉዳዩን ብቻ ይዞ አይመጣም። የበቀለበትን እንጨት ቅርፊትም ልጦ ያመጣል። እማማ የሚያዩት ቅርፊቱን ነው። በጥፍራቸው ጫር ያደርጉታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ «ዋንዛ፤ ብሉ» ይላሉ። ወይም «ብርብራ፤ ድፉት» ይላሉ። የብርብራን ፍሬ ወንዶቹ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ዓሣ የሚያሰክር ዛፍ ያበቀለውን ማን ይበላል? ቅርፊት ሳይዝ የመጣ ልጅ የለቀመውን እዚያው ቡናው ሥር ይደፋል። ልመና የለም፣ ለቅሶ የለም። ስንት ጊዜ እንዳስደፉኝ እኔ አውቃለሁ።

ያን ሰሞን እናቴ ለለቅሶ ጌጫ ሄዳለች። «እህትሽን አደራ፤ ከእሳትና ከወንዝ ጠብቂያት» ብላኝ ነው የሄደችው። ታናሼ ስድስት ዓመቷ ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራ አለ። ቤት ውስጥ ያለው ጎደሬ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጎደሬ፣ ማታ ጎደሬ። ታናሼ በመጨረሻ «ጎደሬ ከሆነ አልራበኝም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አሳዘነችኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሰማዩ ትንሽ ሲከፈት እሷን እማማ ደጅ አስቀምጬ፣ ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ።

ያን ጠዋት እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ፀሐይዋ በትልልቆቹ ዛፎች መሐል ቀጥና ትገባለች፤ ቡናው ቅጠል ላይ የቀረው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ጉሬዛዎች ከላይ ቅርንጫፍ እያንኮሻኮሹ ይዘላሉ። ዋንዛዎቹን ሁሉ ዞርኩ። ሰው ቀድሞኛል። ባዶ እጄን ስመለስ ወንዙ ላይ ያለው መሻገሪያ ግንድ ጋ ደረስኩ። ያ ግንድ እኔ ሳልወለድ የተጋደመ ነው። ሰው ሲረግጠው ኖሮ ቅርፊቱ አልቆ እንደ አጥንት ልሟል። ልሻገር እግሬን ሳነሳ ከግንዱ ሆድ በኩል የሆነ ነገር ነጣብኝ። በደረቴ ተኝቼ አየሁ።

ነጫጭ ናቸው። ትንንሽ። እግራቸው እንደ ክር የቀጠነ፣ አናታቸው ክብ፣ የሕፃን የወተት ጥርስ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ሰው ያላየውን እኔ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም። ክንዴን እስከ ብብቴ አስገብቼ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሁለት እፍኝ አይሞሉም።

ቅርፊቱስ? ግንዱ ቅርፊት የለውም። ቆሜ አሰብኩ። እንዲሁ ብሄድ ያስደፉኛል፣ ታናሼም ጦሟን ልትውል ነው። ከመንገዱ ዳር ሰው ለቀፎ የቆረጠው ዋንዛ ወድቋል። ከእሱ መዳፍ የምታህል ቅርፊት ልጬ እንጉዳዩ ላይ አስቀመጥኩ። ውሸት መሆኑ አልጠፋኝም። ትንሽ ውሸት መሰለችኝ።

እማማ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይለቅማሉ። ቅርፊቷን ተቀበሉኝ፣ ጫር አደረጓት፣ አሸተቷት።

«ዋንዛ» አሉ። ከዚያ የሸፈንኩበትን የኮባ ቅጠል ገለጥ አድርገው ሳቁ። «እነዚህ ገና ሕፃን ናቸው! እናታቸው ሳትጠግባቸው ለቀምሻቸው?»

«ሌላ አልነበረም፣ እማማ።»

«ለዝንብ ሠርግ ነው የምትደግሺው? በይ ሂጂ፣ ብሉ።»

በጨውና በሚጥሚጣ አበሰልኩት። እሳት ሲነካው ከትንሽነቱም ትንሽ ሆነ፤ ለሁለት አይበቃም። ሁሉንም ለታናሼ ሰጠኋት። እኔ የድስቱን ግርጌ በጎደሬ ጠረግኩ። ጣቷን እየላሰች «ነገም አምጪልኝ» አለችኝ። ያቺን ቃል አልረሳትም። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ልጆቼ ሳህን ሲያነሱ፣ አንዳንዴ ድንገት ትመጣብኛለች።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሆዴን አለች። ከዚያ አስመለሳት። ከዚያ አላቆመም። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ላቧ ይንጠባጠባል፣ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል። ውኃ ልሰጣት ጎንበስ ስል ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አድርጋ አየችኝና፣ «ለምን ሁለት ሆንሽ?» አለችኝ።

ጣሳውን ጥዬ ወደ እማማ ሮጥኩ።

እማማ መጀመሪያ አልደነገጡም። «ዋንዛ እኮ ነው፤ ዋንዛ ምን ያደርጋል? ጎደሬው ጥሬ ሆኖ ይሆናል» እያሉ ነው የመጡት። ኮባው ቅጠል ሥር ሳላያቸው፣ ሳይበስሉ የቀሩ ሦስት ፍሬ እንጉዳዮች ነበሩ። አንዷን አነሱ። ከሥሯ ያለውን ሽንሽን ዓይናቸው ጋ አስጠግተው አዩ። ሰበሯት። አሸተቷት። ሁለተኛዋን ይዘው ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ሄዱ። ያቺን ቃል የተናገሩት ያኔ ነው።

«ዋንዛ ላይ ይሄ አይበቅልም» አሉ ደግሞ፤ ከራሳቸው ጋር ይመስላሉ የሚያወሩት። «ዋንዛ ከሆነ ቤት ሆነን እንጠብቃለን። ያልፋል። ግን ይሄ...» ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ከዋንዛ ነው የለቀምሽው?»

ታናሼ ከኋላ አቃሰተች።

ዋንዛ ነው ብል ቤት ልንቀመጥ ነው። አይደለም ብል ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኳት። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ በዚያች ትንፋሽ ውስጥ።

«ከመሻገሪያው ግንድ ነው» አልኩ። «ቅርፊቱን ከሌላ ነው የላጥኩት።»

ጥፊ ጠበቅኩ። አልመቱኝም። ፊታቸው ላይ ንዴትም አላየሁም። ሰው በእጁ የያዘው ዕቃ ሳያስበው ሲያመልጠውና ሲሰበርበት የሚሆነውን ሆኑ። ያን ፊት ከማየት ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

«አንሻት!» አሉ። «አሁኑኑ! አማን፣ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን።»

ወንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የለም፤ ሁሉም ጫካ ናቸው። ቃሬዛ የሚሸከም የለም። እማማ በዚያ ዕድሜያቸው ታናሼን በነጠላ አዘሏት። ሦስተኛዋን እንጉዳይ በኮባ ጠቅልዬ ያዝኩና ከኋላ ከኋላ ሮጥኩ። ልጅቷ እማማ ጀርባ ላይ ታስመልሳለች፣ እሳቸው አይቆሙም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ቆሙ። እንዳዘሉ በርከክ ብለው የግንዱን ሆድ አዩ። ያልለቀምኳቸው ጥቂት ነጫጮች ከውስጥ ጥግ አሉ። እማማ ግንዱን በጥፍራቸው ጫሩት፣ ጥፍራቸውን አሸተቱ። እንደገና ሌላ ቦታ ጫሩ፣ አሸተቱ። ምንም አልሸተታቸውም፤ ውኃና የሰው እግር በልቶታል።

«ከልጅነቴ ጀምሬ እረግጠዋለሁ» አሉ። «ምን እንጨት እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።»

ከዚያ ተነስተው ተሻገሩ። ግንዱ ያዳልጣል፣ ወንዙ በሦስቱ ቀን ዝናብ ሞልቶ ከሥር ይጮኻል። እኔ እግራቸውን ብቻ ነው የማየው።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ ቡና የጫነ መኪና ከሸኮ በኩል መጣ። እጄን አውለበለብኩ። ሾፌሩ በመስኮት እጁን አወዛውዞ አልጭንም አለ። እማማ ምን አደረጉ መሰላችሁ? መንገዱ መሐል፣ ጭቃው ላይ፣ ከነልጅቷ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ፍሬኑ ሲጮኽ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እማማ፣ አበዱ እንዴ? መሞት ያምርዎታል?» ብሎ ሾፌሩ ወረደ።

«ሞት ጀርባዬ ላይ ነው። አማን አድርሰን።»

«ሰው አልጭንም እኮ! ደግሞ ታስመልሳለች፣ ቡናው...»

«ቡና ይታጠባል! ይቺ ከሞተች በምን ትታጠባለች?»

ሾፌሩ ታናሼን አያት። ራሱ ተቀብሎ ጋቢና አስገባት። መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ መሪው ላይ ብቻ እንዳታስመልሺ» እያለ ያጫውታት ነበር። እሷ ግን መልስ መስጠት አቁማለች።

አማን ሕክምና ቦታ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው። «ምን በላች?» አለ። «እንጉዳይ» አልኩ። «ምን ዓይነት?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለማያውቁት ሰው ያን ቃል መናገር እንደከበዳቸው አየሁ። «አላውቀውም» አሉ ለሁለተኛ ጊዜ።

ሐኪሙ የጠቀለልኳትን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። መስኮቱ ጋ አየ፣ ጀርባዋን አየ፣ እግሯ ላይ የቀረውን የእንጨት ስባሪ አየ። «እኔም አላውቃትም» አለ። «ስሟን እስካገኝ ግን አልጠብቅም።» ወዲያው ታናሼን አስተኝቶ ግሉኮስ ሰካላት። እኔ እንደማስበው እንጉዳይቱ ካልታወቀች መድኃኒት የለም ማለት ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ።

ማምሻው ላይ ማስመለሱ ጋብ አለ። እማማ እጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያነሱ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ቆመ ማለት ዳነች ማለት አይደለም። አንዳንዱ እንጉዳይ ተኝቶ ቆይቶ በሁለተኛው ቀን ጉበት ነው የሚይዘው። እስከ ሦስተኛው ቀን ከዚህ አትወጣም።»

ጠዋት ሐኪሙ ጠርቶ አንድ ነገር አሳየኝ። እንጉዳይቱን ማታ በካርቦን ወረቀት ላይ ደፍቶ ብርጭቆ ከድኖባት ነበር ያደረው። ሲያነሳት ጥቁሩ ወረቀት ላይ ነጭ ዱቄት በክብ ወርዶ፣ ሽንሽኗ አንድ በአንድ ታትሟል። ሰው በመርፌ የሳለው ይመስላል። ውብ ነበር። ውብ መሆኑ የበለጠ አስደነገጠኝ። «ዘሯ ነው» አለኝ። «ለሚያውቁ ሰዎች እልካታለሁ።» በስፒሪት ጠርሙስ ውስጥ ከተታት። መልስ መጣ አልመጣ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቅርፊትም ሽታም አላምንም፤ የማላውቀው እንጉዳይ ደጄን አይረግጥም።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ከጌጫ ሰምታ መጣች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ ነው። ታናሼን አቅፋ አለቀሰችና ወደ እማማ ዞረች።

«የጅብ ጥላ አበላሽብኝ? ልጄን? አምኜሽ፣ ጎረቤት ብዬሽ?»

እናቴ እማማን አንቺ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔ ነኝ ያየሁት» አሉ እማማ። «ብሉ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጠበቅኩ። ስለ ቅርፊቱ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገሩም። ወጥተው ግቢው ውስጥ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ተቀመጡ። ያን ቀን ሙሉ እዚያው ነበሩ፤ እናቴ ምግብ ስትዘረጋ አልጠራቻቸውም፣ እሳቸውም አልገቡም። እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ታናሼ ብትሞት ደግሞ ማን ገደላት ሊባል ነው? እንዲህ ያለ ሐሳብ ነው የማስበው። ክፉ ልጅ ስለሆንኩ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ እማማ ሰፈር ውስጥ ማንም ቅርፊት ቢያመጣላቸው አልተቀበሉም። «ሐኪም ጠይቁ» ይላሉ። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበሩ። እኔ ነኝ ያን የወሰድኩባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ የታናሼን የዓይን ቆብ በጣቱ ገለጠ። ብጫ ይፈልግ ነበር። ወደ መስኮቱ አዞራት፣ ሌላውን ዓይኗን አየ፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገ። እናቴና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘናል፤ ጥፍሯ መዳፌ ውስጥ ገብቷል።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ውሰዷት።»

እናቴ መሬት ሳመች። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ፍርሃቱ የጸናብኝ፤ አሁን ካልተናገርኩ ዕድሜዬን አልናገርም።

«እማዬ» አልኩ፣ «እማማ አልተሳሳቱም። ከማላውቀው ግንድ ለቅሜ የዋንዛ ቅርፊት አሳየኋቸው። ዋሸኋቸው።»

እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ታናሼን አዘለችና ወጣች። ጠፈጠፉ ሥር እማማ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ይነሱ እንጂ፣ እማማ» አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል። «ቤታችን እንሂድ። በእኔ ይደገፉ።»

እማማ አንዴ እኔን አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉላት። እናቴ ክንዳቸውን በብብቷ ይዛ አስነሳቻቸው፤ ታናሼ ከጀርባዋ ላይ ሆና የእማማን ሻሽ በትንሽ እጇ አስተካከለችላቸው።

በበሩ ወጣን። መንገዱ ላይ ፀሐይ ነበር። ታናሼ ራበኝ አለች። እናቴ ሳቀች፣ እማማም ሳቁ፣ እኔ አለቀስኩ። እህቴ አልሞተችም። ሁላችንም በሕይወት ነበርን፤ ክፉው ቀን አልፎልን ነበር።